ድምፅ የሌለው ዲናሞ

ባለቤቴ በብስክሌት ሥራ እሄዳለሁ ስትል ያስደነገጠኝ መንዳቷ አይደለም። መቐለ ውስጥ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ሰርግ ቤት ገብቶ እንደማይበላ እንግዳ በጥርጣሬ ነው የሚታየው። እኔ ከደብረ ብርሃን ፊዚክስ ላስተምር መጥቼ፣ እዚሁ አግብቼ፣ ፀጉሬን እዚሁ አሸብቼ፣ እስከ ዛሬ ብስክሌት ላይ ስወጣ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ያየኛል። እሷ ግን እዚሁ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት፤ እግሯ ፔዳል ሳይደርስ የታላቅ ወንድሟን ብስክሌት እየሰረቀች ሰፈሩን ስትዞር የኖረች። ያስደነገጠኝ እነዳዋለሁ ያለችው ያንኑ የወንድሟን ብስክሌት መሆኑ ነው።

ወንድሟ በጦርነቱ ጊዜ በእግሩ ወጥቶ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ብስክሌቱን ጠርጎ፣ ሰንሰለቱን ቀብቶ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አልተመለሰም። መርዶው የደረሰን ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ለቅሶ ያልገባበት ቤት ስላልነበረ ማን ማንን እንደሚያጽናና ጠፍቶን ነበር፤ ለቅሶ ልትደርስ የሄድክበት ቤት ሰዎች ያንተን ለቅሶ ሊደርሱ መንገድ ላይ ያገኙሃል። አማቴ ጥቁር ለበሱ፣ አለቀሱ፣ የመጣውን ሁሉ በክብር ሸኙ። እኔም እንደ ልጆቻቸው ኣደይ፣ እናቴ፣ ነው የምላቸው። ኣደይ ብስክሌቱን ማንም እንዳይነካው አልከለከሉም። ዕቃ ቤቱን መጥረግ ብቻ አቆሙ።

ባለቤቴ የምትሠራው ከከተማው ዳር፣ ዓይናለም ነው፤ ከተማው ውሃ የሚጠጣባቸው ጉድጓዶች ዘንድ ፓምፕ ትቆጣጠራለች። ፈረቃዋን የምታስረክበው አመሻሽ ላይ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ሚኒባሱም አብሮ ይጠፋል፣ ነዳጅ ደግሞ መጥፋት ልማዱ ሆኗል። እና ስንት ቀን ሙሉ፣ ከባድ መኪና በአጠገቧ እያለፈ፣ አቧራውን እየቃመች በእግሯ መጣች። አንድ ቅዳሜ ተነሥታ ዕቃ ቤት ገባችና ብስክሌቱን አወረደችው። ኣደይ በራቸው ላይ ቆመው አዩአት። እኔ የሚመጣውን ስጠብቅ፣ «ጎማው አርጅቷል፣ ሳትቀይሪ እንዳትወጪበት» ብለው ገቡ።

ጎማው ተቀየረ። የቀረው መብራት ነበር። ከሱቅ የሚገዙትን በባትሪ የሚሠሩ መብራቶች ሞክረናቸዋል፤ ዛሬ ታቅፈሃቸው መጥተህ ነገ የምትቀብራቸው ናቸው። ቻርጅ የሚደረጉትም ቢሆኑ መብራት በሌለ ቀን ራሳቸው መብራት ፈላጊ ይሆናሉ። ብስክሌቱ ላይ ግን የወንድሟ አሮጌ ዲናሞ ነበር። የሕፃን ጡጦ የምታክል ብረት ናት፤ ከጎማው ጎን ትታሰራለች፣ መቆለፊያዋን ስትለቃት ጎማው ላይ ትደገፍና ጎማው ሲሽከረከር እሷም ትሽከረከራለች። ሽቦዋን አጸዳሁ፣ ዘይት ጠብ አደረግሁላት፣ አምፖሉን ለወጥኩ። በራች። እኔም ተማሪዎቼ ፊት እንደማደርገው ደረቴን ነፋ አድርጌ ቆምኩ።

ያላሰብኩት ድምፅዋን ነው። የዚህ ዓይነት ዲናሞ ይጮኻል። ከሩቅ ሲመጣ የንብ ይመስላል፣ እየቀረበ ሲሄድ ይወፍራል፣ መታጠፊያው ላይ ብስክሌቱ ሲዘገይ ደግሞ እንደሚያንጎራጉር ሰው ዝቅ ይላል። ወንድሟ በሕይወት ሳለ የዚህ ቤት የማታ ደወል ይህ ነበር። የግቢያችን በር ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ ለሰው መግቢያ ከጎኑ ያለችው ትንሿ በር ትበቃለች። እሱ ግን በትንሿ በር ገብቶ አያውቅም። ንጉሥ ወርዶ አይገባም ይል ነበር። ድምፁ ከመታጠፊያው ሲሰማ ኣደይ እያጉረመረሙ ይነሣሉ፣ ትልቁን በር ወለል አድርገው ይከፍታሉ፣ እሱም ሳይወርድ እየነዳ እስከ ውሃ ቧንቧው ድረስ ይገባል። «ይግቡ ንጉሥ ሆይ፣ እግርዎን ግን ይታጠቡ» ይሉት ነበር።

ባለቤቴ በብስክሌቱ የመጣችበትን የመጀመሪያ ምሽት አልረሳውም። ፀሐይ ገብታ፣ ሰማዩ ግን ገና አልጨለመም። እኔ ደጃፍ ላይ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፣ ኣደይ ወንበራቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ድምፁ ከመታጠፊያው መጣ።

የፊዚክስ መምህሩ እኔ ነኝ። ዲናሞውን ያሰርኩት፣ ዘይት ጠብ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ለአንድ አፍታ የሚመጣው ማን እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ፣ እሱም ባለቤቴ አልነበረችም። ቀና ስል ኣደይ ተነሥተዋል። ምስሩ መሬት ላይ ተበትኗል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ፣ ያን ቀን እንዴት እንደሄዱ እኔ አላውቅም። የትልቁን በር መወርወሪያ ሳቡ፣ ሁለቱንም ተካፋች ወለል አደረጉት። ከንፈራቸው «መጺኡ» ሲል ሰማሁ፤ መጣ ማለታቸው ነው።

ባለቤቴ ነበረች። ከብስክሌቷ ወርዳ፣ ላቧ በግንባሯ ላይ ወርዶ፣ እናቷን ስታይ የጀመረችው ፈገግታ መሀል ላይ ቀረ። ኣደይ ለጥቂት ጊዜ አይተዋት፣ «እንቋዕ ደሓን መጻእኪ፣ ጓለይ» አሉ። እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ፣ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ምስሩን የለቀምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ ነው፣ ይለምዱታል ብዬ ነበር። አልለመዱትም። በማግስቱም ተነሡ፣ በሠልስቱም። ምን እየሠሩ ቢሆን፣ ከማን ጋር እያወሩ ቢሆን፣ ያ ድምፅ ሲመጣ ቃላቸውን አንጠልጥለው ይነሣሉ፣ ትልቁን በር ይከፍታሉ፣ ሴት ልጃቸውን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው በየምሽቱ እየመጣ በየምሽቱ ይሞት ጀመር። የሰው ሞት ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መልመድ ሌላ። እኔም ሳላውቀው አመሻሽ ላይ ጆሮዬን አቁሜ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ድምፁን እጠላዋለሁ፣ ሲዘገይም እጨነቃለሁ።

አንድ ምሽት ዝናብ ዘነበ። ባለቤቴ በውሃ ርሳ፣ ጭቃ ተለውሳ፣ ብስክሌቱን እየገፋች መጣች። ጎማው ሲረጥብ ዲናሞው እየተንሸራተተ መብራቱ ድርግም አለባት፤ አንድ ከባድ መኪና ሳያያት ሊደፈጥጣት ሲል ቦይ ውስጥ ገብታ ተረፈች። ልብሷን ቀይራ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያስከፋት መንገዱ ብቻ መስሎኝ ላጽናናት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እናቴ በሩን ከፍታ እኔን ስታየኝ ፊቷን አይተኸዋል?» አለች። «እኔ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ነው የምገባው፤ መጀመሪያ እሱ ሆኜ፣ ከዚያ እኔ ሆኜ። እኔ ስሆን ፊቷ ይወድቃል። እናቴ ናት፣ አልቀየማትም። ግን እኔም እኮ ከሞት ነው የምመጣው፤ ዛሬ ከመኪና ሥር ነው የወጣሁት። አንድ ቀን እኔ በመምጣቴ ብቻ ፊቷ ቢበራ ምን አለበት?»

መልስ ሲያጣ ዕቃ መጠገን የሚቀናው ሰው ስለሆንኩ፣ በማግስቱ ብስክሌቱን ይዤ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። የምፈልገውን አውቄያለሁ። ዲናሞው ጎማው ላይ የሚደገፍ ሳይሆን በፊት ጎማው እምብርት ውስጥ፣ እዚህ ሞዞ በሚሉት ውስጥ፣ ተደብቆ የሚዞር ዓይነት አለ። ዝናብ አያገኘውም፣ አይንሸራተትም። ከሁሉም በላይ ድምፅ የለውም።

ጠጋኙ የሰፈራችን ሰው ነው፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል። ከውጭ ከሚመጡ አሮጌ ብስክሌቶች የተፈቱ ሞዞዎች በካርቶን ሙሉ አሉት። «ከመይ ውዒልካ፣ መምህር!» ብሎ እንዴት ዋልክ አለኝና የሚያብለጨልጭ አንዱን አነሣ። «ይሄ የጀርመን ነው።»

«እዚህ ከተማ የጀርመን ያልሆነ ነገር አሳየኝ» አልኩት። «ጀርመኖች ራሳቸው ያንተን ያህል የጀርመን ዕቃ የላቸውም።»

ሳቀ። እኔ ግን በቀልድ የምመለስ አልነበርኩም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የሚያብለጨልጨውን ዘንጉን ይዤ ወዘወዝኩት። ተላወሰ፤ ውስጡ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው፣ በዚህ አቧራ ደግሞ ክረምቱን አይዘልቅም። ሌላ አነሣሁ፤ ሽቦው የሚታሰርበት ምላስ ዝጎ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ሦስተኛው አንድ ብልህ ነኝ ባይ በመዶሻ ከፍቶት ያውቃል፣ ጠርዙ ላይ ቁስሉ ይታያል። እንዲህ ያለውን ዕቃ አንዴ ያለ አገባቡ ከከፈቱት ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይበጠሳል። ጠጋኙም ይህን ያውቃል፤ ስለማውቅ ተናደደብኝ እንጂ አልተከራከረኝም።

ከካርቶኑ ሥር አንድ መልከ ጥፉ ወጣ። ቀለሙ የጠፋ፣ እንደ ድስት ጥላሸት የለበሰ። ዘንጉን ስወዘውዘው ፀጥ አለ። ቀስ ብዬ ሳዞረው በጣቴ ላይ ይታወቀኛል፤ ማግኔቱ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል፣ እኩል በእኩል ነው። ጠጋኙ አምፖል አመጣ፣ ሽቦውን አነካካን፣ እኔም ሰው ከሚራመደው ፍጥነት በታች አድርጌ አዞርኩት። አምፖሉ መጀመሪያ ዓይኑን አርገበገበ፣ ከዚያ በራ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረን አወጣነው፣ አሁንም በራ። ለሚስትህ መንገድ የምትመርጠው ዕቃ እንዲህ ነው የሚመረጠው፤ መልክ አይቶ የሚመርጥ ሰው ያግባ እንጂ ዲናሞ አይግዛ። የጎማው ሽቦዎች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም ከእኛ ብስክሌት ቸርኬ ጋር ልክ ሆኑ።

ጠጋኙ አሮጌውን ዲናሞ ሊፈታ ሲጎነበስ እጁ ቆመ። የማን ብስክሌት እንደሆነ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

«ሰሞኑን የምንሰማው ይሄ ነው ለካ» አለኝ። «ባለፈው ድምፁ ሲመጣ የያዝኩትን ቁልፍ ጥዬ ነው የወጣሁት። ማዶ ያለችዋ ባለሱቅም ወጥታ ቆማ ነበር። የሷም ልጅ አልመጣም፣ ታውቃለህ። ብስክሌት እንኳን አልነበረውም። ግን ወጣች።»

ዲናሞውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከአዲሱ ሞዞ ጋር የሚስማማ የፊት መብራትም መረጠልኝ። ይህኛው መብራት ውስጡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ብስክሌቱ ከቆመ በኋላም ወዲያው አይጠፋም፣ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ከፊቱ ለሚመጣ መኪና እንዲታይ ለጥቂት ጊዜ እየደከመ ይበራል። ጥሩ ነገር ነው አልኩ።

በማግስቱ ምሽት ባለቤቴ በአዲሱ መብራት፣ ያለ ድምፅ መጣች። ትንሿን በር አንኳኳች፣ እኔ ከፈትኩላት። ኣደይ ከወንበራቸው ሳይነሡ «እንቋዕ ደሓን መጻእኪ» አሏት፣ እሷም ሳመቻቸው። መንገዱ እንደ ቀን ብርሃን ታየኝ አለች። በልቼ ተኛሁ፤ ነገሩን ጨርሼዋለሁ ብዬ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። በቀጣዮቹ ምሽቶች ኣደይ መብላት ቀነሱ። ፀሐይ ስትገባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ አይለቅሙ፣ አይፈትሉ፣ አያወሩ። ባለቤቴ ገብታ፣ ታጥባ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ እንኳን ወደ መታጠፊያው ያዳምጣሉ። ቤቱ ፀጥ ብሎ ነበር፤ ያ ፀጥታ ከድምፁ የባሰ ነበር። ድምፁ ቢያንስ ይመጣና ያልቃል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ገና ሳትመጣ «ድምፁን የት አደረስከው?» አሉኝ።

በጨርቅ የተጠቀለለውን አምጥቼ አሳየኋቸው። ገልጠው አዩት፣ መዳፋቸው ላይ መዘኑት፣ መለሱልኝ። «ይሄ ብረት ነው» አሉ።

«ልመልሰው ኣደይ? ይጎዳዎታል ብዬ ነው ያነሣሁት። በየቀኑ እየተነሡ…»

«እኔ ልጄ መሞቱን የማላውቅ መስሎሃል?» አሉኝ። ድምፃቸው አልጮኸም፣ ግን ተቆጥተው ነበር። «ለቅሶውን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጥቁሩን የለበስኩት እኔ ነኝ። ጅል አይደለሁም። ይመጣል ብዬ አልነበረም የምነሣው። ድምፁ ሲመጣ፣ ከዚህ ወንበር እስከዚያ በር ድረስ ልጅ አለኝ። በሩን ስከፍት የለኝም። አውቃለሁ። ግን እስከ በሩ አለኝ።»

አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ። እመልሰዋለሁ፣ ዛሬውኑ አስረዋለሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መንገዱስ? አንዷን ልጄን ደግሞ በጨለማ ላምጣት? ተው። የሷ መብራት ይሁን።» ከዚያ ተነሥተው ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸከሙ። ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉ። ወስደው ትልቁ በር ሥር አስቀመጡት፣ መወርወሪያውን ሳቡ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ወደ መንገዱ ዞረው ተቀመጡ።

የሆነውን ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። ከዓይናለም ልትነሣ ስትል ነበር። «እሺ» ብቻ አለች።

እኔ ከኣደይ ኋላ ቆሜ ጠበቅሁ። መንገዱ ጨለም ብሏል፤ ከየቤቱ የራት ሽታ ይመጣል። ማዶ ባለሱቋ መዝጊያዋን ስታወርድ ኣደይን አይታ ሰላም አለቻቸው። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ብርሃን ወጣ። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ነጭና ጠንካራ ነበር፤ ከኋላው ምን እንዳለ፣ ማን እንዳለ አይታይም። ብርሃኑ ብቻውን መንገዱን ይዞ፣ በራችን አጠገብ ያለውን የመንገድ ጉድጓድ እየሸሸ፣ እኛ ወዳለንበት መጣ። ወንድሟም ያን ጉድጓድ በዚያው ጎን ነበር የሚያልፈው። እኔ ሁለት እጄን በሩ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ኣደይ ተነሡ።

ባለቤቴ በሩ ዘንድ ቆመች። ብስክሌቱ ቆመ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም፤ ኣደይ ፊት ላይ በራባቸው፣ ዓይናቸውን አጨናቆሩ። ባለቤቴ ይህን አይታ ቶሎ መዳፏን መብራቱ ላይ ጫነች። ብርሃኑ ሲከለል ፊቷ ታየ፣ አቧራ የለበሰ፣ የደከመ፣ የራሷ ፊት።

«ቆዪ ጓለይ» አሉ ኣደይ። «እጅሽን አንሺ። ትንሽ ጊዜ ብቻ።»

ባለቤቴ ከኣደይ ትከሻ በላይ እኔን አየችኝ። እሷ ብቻዋን ወሰነች። እጇን አነሣች፣ ፊቷም ከብርሃኑ ኋላ ተመልሶ ጠፋ። ሳትላወስ ቆመችላቸው።

ኣደይ ብርሃኑን እያዩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የተናገሩትን አልሰማሁም፤ ለእኔ የተነገረ አልነበረም። መብራቱ እንደ ሥሪቱ ቀስ እያለ ደከመ፣ ፈዘዘ፣ እንደ ኮከብ አነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆይቶ የባለቤቴ ነጭ ነጠላ፣ ቀጥሎ ፊቷ ታየን።

«እንቋዕ ደሓን መጻእኪ፣ ጓለይ» አሉ ኣደይ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

ፊታቸውን ለማየት ወደ ጎን ዞርኩ። አልወደቀም። ደስ ብሏቸው ነበር።